አለኝታ ሲባሉ የኖሩት የምራቂ የሕይወት ታሪክ

ምራቂ ከግንበኛው አባታቸውና ከሆስፒታል ልብስ አጣቢዋ እናታቸው በ1944 ዓ.ም.፣ ከዱቄት ፋብሪካው አጥር ጀርባ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ለወላጆቻቸው ሦስተኛና የመጨረሻ ልጅ ናቸው።

ይህን ስንል ብዙዎቻችሁ አጠገባችሁ ያለውን ሰው «ምራቂ ደግሞ ማነው?» ብላችሁ እንደምትጠይቁ እናውቃለን። የፋብሪካው ሠራተኞች በሩ ላይ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ «አባታችን አለኝታ አረፉ» ይላል። ቀብር አልተሳሳታችሁም። ሳጥኑ ውስጥ ያሉት እናንተ የምታውቋቸው ሰው ናቸው። ስማቸው ግን ምራቂ ነበር፤ እንዴት አለኝታ ተብለው እንደኖሩ በትዕግሥት አድምጡን። ጽሑፉን ያዘጋጀችው የታላቅ እህታቸው ልጅ ናት። ነገር ማሳመር አትችልበትም፤ ለዛሬውስ ብትችልም ባላደረገችው።

በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ ልጅ ዛሬ በመካከላችን ያሉት ታላቅ እህት ናቸው። ቀጥሎ ወንድ ሲወለድ እናትየው ገና ከአራስ አልጋ ሳይነሱ «አለኝታዬ መጣ» አሉ፤ ልጁም አለኝታ ተባለ። ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ሙሉ ምንም አልነበረም። እናትየው የሕፃን ልብሱን ሁሉ ለጎረቤት አድለው «በቃ፣ እኔ ሱቄን ዘግቻለሁ» እያሉ ሲስቁ ሌላ ወንድ ልጅ መጣ። አባትየው ሲሚንቶ የነካውን እጃቸውን ሱሪያቸው ላይ ጠረጉና ሕፃኑን ተቀበሉ። ባለ ሱቅ ከመዘነው በላይ ጣል የሚያደርጋት ነገር ትዝ ብላቸው «ይሄ እንኳ ምራቂ ነው» አሉ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ፤ ስሙም በዚያው ጸና። ትምህርት ቤት ሲገቡ መዝጋቢው «የለም፣ ትክክለኛ ስሙን ንገሩኝ» ቢል ሌላ ስም አልተገኘላቸውም።

ምራቂ በስማቸው አፍረው አያውቁም። እንዲያውም ልጅ ሆነው ለሚያሾፍባቸው ሁሉ መልስ ነበራቸው፤ «ምራቂን ማንም አይጠብቀውም፣ ሲመጣ ግን ሁሉም ደስ ይለዋል» ይሉ ነበር። እውነትም እንደዚያ ነበሩ። የሚያውቋቸው ሲናገሩ ሳቂታ፣ ቀልደኛ፣ ነገር የማይከብዳቸው ልጅ ነበሩ ይላሉ። እኛ የእህታቸው ልጆች ይህን በወሬ ነው የምናውቀው። የደረስንባቸው ጊዜ ሌላ ሰው ሆነው ነበር።

በ1951 ዓ.ም. አባትየው ታመው ሞቱ። ያን ጊዜ አለኝታ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበር። ስለ እሱ በአንቱታ አለመናገራችንን እንደ ድፍረት አትዩብን፤ በሃያ አምስት ዓመቱ ስለቀረ አፋችን ሌላ አልለመደም። አባቱ በተቀበሩ ሳምንት ደብተሩን ለታናሽ ወንድሙ ሰጥቶ ፋብሪካ ወለል ለመጥረግ ገባ። ማንም ሂድ አላለውም፤ ስሙ ነው የላከው። እናትየውም ለጠየቃቸው ሁሉ «አለኝታዬ እያለ ምን እሆናለሁ?» ነበር መልሳቸው።

አለኝታ ሲያድግ ቁመቱ በሩን የሚሞላ፣ ድምፁ ከሰውነቱ ቀድሞ ቤት የሚገባ ጎረምሳ ሆነ። የፈረቃ ማብቂያው ፊሽካ ሲነፋ ሽፋሽፍቱ ላይ ዱቄት ተሸክሞ ይመጣል፤ ገና ከመድረሱ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ፊታቸውን በዱቄት ይቀባቸዋል። «አንተ ተማር፣ እኔ እፈጫለሁ» ይላቸው ነበር። ምራቂም ተማሩ፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሰው በ1961 ዓ.ም. ሬዲዮ ጠጋኙ ዘንድ ሙያ ለመልመድ ገቡ። ሬዲዮ ጠጋኙ ምስጋና የሚተናነቃቸው ሰው ነበሩ፤ ስለ ምራቂ ግን «ይሄ ልጅ የሞተ ሬዲዮ ያስነሳል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ሱቁን ይረከበኛል» ብለው በሰው ፊት ተናግረውላቸዋል። እጣ ፈንታቸው የተቆረጠ መስሏቸው ነበር።

በ1963 ዓ.ም. ክረምት አለኝታ ሞተ። ሲሎ የሚባለው የስንዴ ጎተራ እንደ ሕንፃ የቆመ ነው። እርጥበት ሲገባው ስንዴው ግድግዳው ላይ ይጋገርና ወደ ታች አልወርድ ይላል። ያን ጊዜ ሰው ረጅም እንጨት ይዞ ከላይ ገብቶ ይቆሰቁሰዋል። አለኝታ በዚያ ጠዋት ያለ ገመድ ገባ፤ ሁሉም እንደዚያ ነበር የሚገቡት። የተጋገረው በአንድ ጊዜ ተናደ፣ ከሥሩ ያለውም ስንዴ ሸሸ። ከላይ የነበሩት ሰዎች እጁን አዩ፣ ከዚያ እጁንም አላዩም። ከታች በሩን ከፍተው ስንዴውን አፍስሰው አፍስሰው ነው ያወጡት።

እናትየው ነገሩን የሰሙት ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ የእንፋሎቱ ጭስ መሐል ነው። እዚያው ወደቁ። ሬሳውን አላዩም፣ ቀብሩም ያለ እሳቸው ሆነ። ከዚያ በኋላ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተኙ፤ እህል አይቀምሱ፣ ሰው አያናግሩ፣ አያለቅሱ። ሐኪሙ መጥቶ አየና ለታላቅ እህት በጆሯቸው «እንዲህ ከቀጠሉ አይከርሙም» አላቸው።

ምራቂ የወንድማቸውን ዕቃ ለመረከብ ፋብሪካ የሄዱ ቀን ኃይለኛ ዝናብ ጣለ። ከዕቃው ውስጥ ካፖርቱን አውጥተው ለበሱና ወደ ቤት መጡ። በሩን ሲከፍቱ እናትየው ከግድግዳው ላይ ፊታቸውን መለሱ። ያንን ካፖርት አዩ።

«አለኝታዬ፣ መጣህ?»

ምራቂ የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት ጀመሩ። ታላቅ እህታቸው ከኋላ ጎሸም አደረጓቸው። «መጣሁ እማዬ» አሉ። እናትየው «ራበኝ» አሉ። ያን ቀን በሉ፤ በማግስቱም አለኝታ አጉርሷቸው በሉ። ታላቅ እህት ምራቂን ጓሮ ጠርተው «እስክትበረታ ድረስ ነው። ስትጠራህ አቤት በላት፣ ምን ይጎድልብሃል?» አሏቸው። ሃያ ዓመት ያልሞላው ልጅ ምን ብሎ ይከራከራል? እናቱን ከሞት የሚመልስ አንድ «አቤት» ነው የተጠየቀው።

እናትየው ሠላሳ አንድ ዓመት ኖሩ።

የፋብሪካው አለቃ ለቤተሰቡ አዝኖ ምራቂን በወንድማቸው ቦታ ቀጠራቸው። ሬዲዮ ጠጋኙ ሊያስቀሯቸው መጥተው ነበር፤ እናትየው በር ላይ ወጥተው «አለኝታዬ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ አንተ የምትፈልገው ያንን ምራቂን መሰለኝ» ቢሏቸው ሽማግሌው ባርኔጣቸውን እያሻሹ ተመለሱ። ቤት ውስጥ ጥቁር አይለበስም፤ የአለኝታ ፎቶ ከግድግዳው ወረደ፤ እናትየው ድንገት እንዳያዩት ተብሎ መቃብሩ ላይ እንኳ ድንጋይ አልቆመም። ሰፈሩም አንድ ሆኖ ተባበረ። ልጅ አዋቂው፣ ባለ ሱቁ፣ ውኃ ቀጂዋ ሁሉ «አለኝታ፣ እንደምን ዋልክ» ይል ጀመር። እናንተ ጎረቤቶቻችን፣ ያንን ምስጢር ሠላሳ አንድ ዓመት ስትጠብቁ አንድ ሰው አላመለጠውም። እናመስግናችሁ ወይስ እንቀየማችሁ፣ ቤተሰቡ እስካሁን አልወሰነም።

ታዲያ ምራቂ የት ሄደ? እናትየው ይህን መጠየቃቸው አልቀረም። ታላቅ እህት «ሩቅ አገር ሥራ አግኝቶ ሄደ» ብለው መለሱ። ያች ውሸት ከሁሉም የከፋች ሆና ተገኘች። እናትየው መጀመሪያ ናፈቁ፣ ቀጥለው ተቀየሙ፣ ከዚያ መርገም ጀመሩ። «ጡቴን የነከሰ! አንድ ቀን እንኳ ብቅ ብሎ አላየኝም!» ይሉ ነበር፤ የሚሉትም ለምራቂ ለራሳቸው ነው። ምራቂ ደግሞ የእናታቸውን እግር እያጠቡ «እንደሱ አትበይ እማዬ፣ ሥራ ይዞት ነው፣ ሰላም በልልኝ ብሎኛል» እያሉ ስለ ራሳቸው ይማለዱ ነበር። አንድ ጊዜ ሹራብ ገዝተው «ምራቂ የላከልሽ ነው» ብለው ሰጧቸው። እናትየው ሹራቡን ወርውረው «ራሱ ይዞት ይምጣ» አሉ። ሹራቡን እህታቸው ለበሱት።

በ1969 ዓ.ም. ምራቂ መምጣት አለባቸው ብለው ቆረጡ። ጢማቸውን ተላጩ፤ ከሬዲዮ ጠጋኙ ኮትና ሻንጣ ተዋሱ፤ በዕረፍት ቀናቸው ከሰዓት በኋላ እንደ እንግዳ የገዛ ቤታቸውን በር አንኳኩ። «እማዬ፣ ምራቂ ነኝ» አሉ። እናትየው ተነሥተው መጡ፤ ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግንባራቸውን አገላብጠው ሳሙ። «ምራቂዬ! ምራቂዬ! አንተ ጨካኝ!» እያሉ አለቀሱ። ታላቅ እህት እንደሚናገሩት፣ ወንድማቸው ያን ዕለት ያለቀሱትን ለቅሶ የመሰለ በሕይወታቸው ሰምተው አያውቁም። ወንበር ቀረበ፣ ሻይ ተቀዳ። ለትንሽ ጊዜ በዚያ ቤት ሁሉ ነገር ልክ ሆነ።

ከዚያ የፈረቃው ፊሽካ ተነፋ። እናትየው «አሁን አለኝታ ይመጣል፣ ሲያይህ እንዴት ደስ ይለው!» ብለው በሩን ከፍተው ቆሙ። ሠራተኛው አንድ በአንድ አለፈ። እናትየው «አለኝታዬን አያችሁት?» እያሉ የሚያልፈውን ሁሉ ይጠይቁ ጀመር። ሁሉም ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ያልፋል። የመጨረሻው ሰው አልፎ መንገዱ ባዶ ሲሆን፣ ያ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ የታየው ፊት ተመልሶ መጣ። «አለኝታን ምን አደረጋችሁት?» ብለው ጮኹ። አጥሩን በሁለት እጃቸው ይነቀንቁ ጀመር። ምራቂ በጓሮ በር ሮጠው ወጡ፤ ኮቱን አውልቀው ካፖርቱን ለበሱ፤ ከጆንያ ዱቄት አፍሰው ፀጉራቸው ላይ በተኑ፤ ዞረው በፊት በር ገቡ። «መጣሁ እማዬ፣ መጣሁ፣ አለሁልሽ» አሉ።

እናትየው ካፖርቱን ጨብጠው እስኪረጋጉ ድረስ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ዞር ብለው ባዶውን ወንበር አዩ። «ምራቂስ?» አሉ። «አውቶቡሱ እንዳያመልጠው ሄደ» አሉ ምራቂ። «ሳይሰናበተኝ?» ብለው እናትየው የተቀዳውን ሻይ ደጅ ደፉት። ከዚያን ቀን ወዲህ ምራቂ ተመልሰው አልመጡም።

በሥራቸው እንዴት እንደነበሩ የሥራ ጓደኞቻቸው ከእኛ ይበልጥ ያውቃሉ። እሳቸው የሲሎ ኃላፊ ከሆኑ ጀምሮ ያለ ገመድ አንድ ሰው ገብቶ አያውቅም፤ የገመዱንም ጫፍ ለማንም አይሰጡም። ሰውዬው ወርዶ እየሠራ ከላይ ሆነው በስሙ ይጠሩታል፣ እሱም «አለሁ!» ማለት ግዴታው ነው። እንደገና ይጠሩታል፣ እንደገና «አለሁ!» ይላል። ወጣቶቹ «ደግሞ ጀመሩ» ብለው ያሾፉባቸው ነበር። አንዱ ቀልደኛ ተሰላችቶ ዝም ቢላቸው፣ ብቻቸውን ጎትተው አውጥተው በሰው ፊት አቅፈውት ስላለቀሱ ከዚያ በኋላ ያሾፈ የለም። ያለ እነዚያ «አለሁ»ዎች ዛሬ እዚህ የማይቆሙ ሰዎች በመካከላችን አሉ፤ እነሱ ራሳቸውን ያውቃሉ።

በ1971 ዓ.ም. ፋብሪካው አጠገብ ዳቦ ቤት ይሠሩ የነበሩትን፣ ዛሬ ከፊታችን የተቀመጡትን ባለቤታቸውን አገቡ። ከጋብቻው በፊት የዳቦ መደርደሪያው ጀርባ ወስደው ሁሉን ነገር ነግረዋቸዋል። ባለቤታቸው ሰምተው ሰምተው «ታዲያ እኔ የማገባው የትኛችሁን ነው?» ቢሏቸው «የቀረውን» ብለው መለሱ። ባለቤታቸውም የሙት ስም ጠርቼ አላድርም አሉ፤ የባላቸውን ትክክለኛ ስም እንዳይጠሩ ደግሞ አማትየው ይሰማሉ። ስለዚህ «አንተዬ» ብለዋቸው ኖሩ። በሠርጉ ዕለት አማትየው ከእንግዳው መሐል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «የገዛ ወንድሙን ሠርግ የቀረ! እንዲህ ያለ አንጀተ ደረቅ አይታችኋል?» ሲሉ፣ ሙሽራው ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ክር ማሰር ጀመሩ። እንግዳው ሁሉ ሳህኑን ያይ ነበር።

ሁለት ልጆች ወለዱ፤ በ1973 ሴት፣ በ1977 ዓ.ም. ወንድ። ሴቷ ለትምህርት ስትደርስ እጇን ይዘው ያስመዘገቧት አያትየው ናቸው። መዝጋቢው «የአባት ስም?» ሲል አያትየው አፋቸውን ሞልተው «አለኝታ!» አሉ። አባትየው ማታ ሰምተው «ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ» አሉ። አልሄዱም፤ እናታቸው በደስታ ሰፈሩን ሲያዳርሱ እያዩ እንዴት ይሂዱ? ወንዱ ሲደርስ ግን ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰው ራሳቸው ወሰዱት፤ ለተመሳሳዩ ጥያቄ «ምራቂ» ብለው መለሱ። ያን ቀን እያፏጩ ወደ ቤት እንደገቡ ባለቤታቸው ያስታውሳሉ። በዓለም ላይ ስማቸው የሚጠራበት አንድ ቦታ ተገኘ፤ እሱም የልጃቸው ስም ቀጥሎ ነው።

እንግዲህ አስቡት። እህትና ወንድም አንድ ትምህርት ቤት፣ አንዷ የአለኝታ ልጅ፣ አንዱ የምራቂ ልጅ። ልጆች ምን እንደሚሉ አይነገርም። አዋቂዎቹ ደግሞ ከልጆቹ ባሱ፤ አዲስ የገቡ ጎረቤቶች «ትንሹን ከማን ነው የወለደችው?» እያሉ ይንሾካሾኩ ጀመር። ባለቤታቸው አንድ ጊዜም አልመለሱም፤ ሐሜቱን ለማስቆም እውነቱን መናገር ነበረባቸው፣ እውነቱ ደግሞ አማታቸው ጆሮ ከደረሰ ሰው ይሞታል። ስማቸውን ለአማታቸው ዕድሜ ከፈሉ። ይህን በሕይወት ሳሉ በሰው ፊት ስንናገርላቸው ደስ ይለናል፤ ያሙም የነበሩ ይስሙ። ልጁም አፍንጫው ደምቶ መጥቶ «ምራቂ ማነው?» ብሎ ቢጠይቅ ቀድመው የመለሱለት አያቱ ናቸው፤ «አጎትህ ነው፣ ከሃዲ!» አሉት። አባትየው እዚያው ነበሩ። ልጁ ለምን በከሃዲ ስም እንደሚጠራ ሳይገባው ነው ያደገው፤ እውነቱን የነገሩት ጢም ካወጣ በኋላ ነው።

በ1994 ዓ.ም. እናትየው አረፉ። ሲደክሙ ልጃቸውን ወደ አልጋው ጠሩና እጃቸውን ያዙ። «አለኝታዬ፣ አንተ ጦረኸኛል፣ ተባረክ» አሉ። ትንፋሻቸውን ሰብስበው ደግሞ «ያ ልጅ ከመጣ፣ ምራቂ፣ ይቅር ብዬሃለሁ ብላለች በለው» አሉ። «እነግረዋለሁ እማዬ» አሉ ምራቂ። በቀብሩ ዕለት ምራቂን ሁለት ሰው ይዟቸው እንኳ ማቆም አልተቻለም። ብዙ ሰው ለእናታቸው መስሎት ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያልተለቀሰለትም ወንድማቸው አብሮ እንደነበረበት እኛ እናውቃለን።

ከዚያ በኋላ ስማቸውን መልሰው ለመውሰድ ሞከሩ። የፋብሪካ ጓደኞቻቸውን «ከዛሬ ጀምሮ ምራቂ በሉኝ» አሏቸው። ቀልድ መሰላቸው፤ አለመሆኑን ሲያዩ እነሱም ሞከሩ። ችግሩ ሌላ ነበር። ምራቂ ተብለው ሲጠሩ ምራቂ ዞር አይሉም። ሰው ከኋላቸው ሁለት ሦስቴ ይጠራል፤ እሳቸው ይሄዳሉ። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ «አለኝታ!» ሲል ወዲያው «አቤት» ይላሉ። አንድ ቀን ባለቤታቸውን «ያኛው ሞተ፣ እኔም ጠፋሁ፣ ታዲያ ይሄ ሁሉ ዓመት ዱቄት ሲፈጭ የኖረው ማነው?» አሏቸው። 

በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በረንዳቸው ላይ ጠረጴዛ አውጥተው ሬዲዮ መጠገን ጀመሩ፤ ያን ጊዜ ግን ሰው ሁሉ ስልኩን ነው የሚያዳምጠው። የተሰበረ ሬዲዮ የሚያመጡላቸው ሊያስደስቷቸው የሚፈልጉ ሰዎች ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ሆን ብለው ሰብረው ያመጡ ነበር። እሳቸውም ያውቁባቸዋል፣ ግን አይናገሩም።

የዱቄቱ ብናኝ ዕድሜ ልክ ሳንባቸው ላይ ሲጠራቀም ኖሮ ባለፈው ዓመት ጣላቸው። ኦክስጅን ተደርጎላቸው ሆስፒታል ተኙ። ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለ ሲናገሩ፣ ባለቤታቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብለው፣ ትዳር ከመሠረቱ ለመጀመሪያ ጊዜ «ምራቂ» ብለው ጠሯቸው። መልስ የለም። «ምራቂዬ» አሉ ደግመው። ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ ለእናታቸው ይናገሩበት በነበረው ለስላሳ ድምፅ፣ «የለም፣ ሲመጣ እነግረዋለሁ» አሉ። ባለቤታቸው ኮሪደር ወጥተው ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ምራቂ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ትናንት አላለቀም ነበር፤ ምክንያቱ በየትኛው ስም እንደሚቀበሩ ቤተሰቡ ባለመስማማቱ ነው። ወንድ ልጃቸው «አባቴ ምራቂ ነው፤ ለዚህ ስም ስደበደብ ነው ያደግሁት፣ መቃብሩ ላይ ካልተጻፈ እኔ የማን ልጅ ነኝ?» አለ። ሴት ልጃቸው ደግሞ «ምራቂ ተብሎ ከተጻፈስ እኔ የማን ልጅ ነኝ? ዲፕሎማዬ፣ የጋብቻ ወረቀቴ፣ ልጆቼ የሚያውቁት ሁሉ አለኝታ ነው» አለች። ድምፃቸው ከፍ አለ። ታላቅ እህት፣ ያኔ «ምን ይጎድልብሃል» ያሉት፣ ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ጥለው ተቀምጠው ነበር። «ምራቂን መልሱልኝ፤ እኔ ነኝ የወሰድኩት» ብቻ አሉ። 

ሴት ልጃቸው ወደ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቶ ነበር። «ምራቂ ብላችሁ ጻፉ» አለች። ወንድሟ «አንቺስ?» አላት። «እኔ አለኝታን ይዤ እቀጥላለሁ። አጎቴ ሳይወልድ ነው የሞተው፣ ስም አስጠሪ የለውም። ልጁ እኔ ልሁንለት» አለች።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ድንጋይ ይቆማል፤ አንዱ ለምራቂ፣ አንዱ ከጎናቸው ምልክት ሳይኖረው ለተኛው ለአለኝታ። ምራቂ ባለቤታቸውን፣ ታላቅ እህታቸውን፣ አንድ ወንድ ልጅና አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ለወንድማቸው ያሳደጉለትን አንዲት ሴት ልጅ ትተው አልፈዋል። በሕመማቸው ያስታመማችሁ፣ ሳጥናቸውን የተሸከማችሁ፣ ከሥራ ቀርታችሁ የመጣችሁ ሁሉ፣ ብድራችሁን ፈጣሪ ይክፈላችሁ። የእሳቸውንም ነፍስ በገዛ ስማቸው ጠርቶ ይቀበልልን፤ ሲጠራቸው አቤት ይበሉ።